የአድማጭ ስልክ ከተዘጋ በኋላ፦ ደብረ ብርሃን ላይ የሚደመጥ አንድ የማለዳ የሬዲዮ ውይይት

ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት ሱቅ ከፍቶ የሚውል ሰው ጋዜጣ አይደርሰውም፤ ቴሌቪዥን ለማየትም ፋታ የለውም። የቀኑን ወሬ የሚያገኘው ከሬዲዮ ነው። የምሠራው በጽሕፈት መሣሪያና በፎቶ ኮፒ ሱቅ በመሆኑ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ተማሪ ደብተርና እስክሪብቶ የሚገዛበት፣ ባለጉዳይ ደግሞ ማመልከቻ የሚያስጽፍበትና መታወቂያውን ኮፒ የሚያስደርግበት የግርግር ሰዓት ነው፤ በዚህ ግርግር መካከል ሬዲዮዬ የሚከፈተው ከሰኞ እስከ ዓርብ በኤፍ ኤም በሚተላለፍ አንድ የወቅታዊ ጉዳዮች የውይይት ፕሮግራም ላይ ነው። የጣቢያውንም ሆነ የአዘጋጆቹን ስም አልጠቅስም፤ የማነሳቸው ድክመቶች ሌሎች ጣቢያዎችም የሚጋሯቸው ስለሆኑ ሰዎቹን ከመውቀስ ይልቅ አሠራሩን መመዘን ይበጃል ብዬ አምናለሁ። ፍርዴን አስቀድሜ ላስቀምጥ፦ ፕሮግራሙ አድማጭን አክብሮ በማናገር ረገድ ከማዳምጣቸው ሁሉ የተሻለ ሲሆን፣ አድማጩ የተናገረውን ጉዳይ ተከታትሎ ከዳር በማድረስ ረገድ ግን ገና ብዙ ይቀረዋል።

አወቃቀሩ ቀላል ነው። በመጀመሪያ የዜና ዳሰሳ ይቀርባል፤ ቀጥሎ የዕለቱ ርዕስ ይተዋወቅና አንድ ባለሙያ ወይም የሥራ ኃላፊ በስቱዲዮ ወይም በስልክ ይጋበዛል፤ ከ2 ሰዓት በኋላ መስመሩ ለአድማጭ ክፍት ይሆናል። ርዕሶቹ የማዳበሪያ አቅርቦትን፣ የ12ኛ ክፍል ፈተናን፣ የቤት ኪራይን፣ የትራንስፖርት ታሪፍን፣ የተፈናቃዮችን ኑሮና የመሳሰሉትን ያካትታሉ። የዜና ዳሰሳው በሌሎች ጣቢያዎች ከሚሰማው ስለማይለይ ብዙ የምለው የለኝም። የፕሮግራሙ ነፍስ ያለው በስልኩ ሰዓት ላይ ነው።

አቅራቢው አድማጭ ማናገር ያውቅበታል። ደዋዩ መስመር ላይ ገብቶ የራሱ ሬዲዮ ከበስተጀርባ እየጮኸ ድምፁን ሲያስተጋባበት፣ ብዙዎች እንደሚያደርጉት ስልኩን ዘግቶ ወደ ሌላ አይሄድም፤ «እባክዎ ሬዲዮዎን ትንሽ ዝቅ ያድርጉልን፣ እንጠብቅዎታለን» ይላል፣ ይጠብቃልም። ሰው ተነሥቶ ሬዲዮውን ሲቀንስና ተመልሶ ሲመጣ የሚያልፈው ጊዜ በቀጥታ ሥርጭት ላይ ረጅም ነው፤ ሆኖም በዚያ ዝምታ ውስጥ ደዋዩ የሚናገረው ነገር እንደሚፈለግ ይገባዋል። አረጋውያንን «አባቴ»፣ «እናቴ» እያለ በአንቱታ ያነጋግራል። የአገራችን ሰው ወደ ጉዳዩ ከመግባቱ በፊት የጣቢያውን ባልደረቦች በሙሉ፣ አድማጩንም ጭምር ሰላም ማለት ስለሚወድ፣ አቅራቢው ሰላምታውን በአግባቡ ተቀብሎ «እግዚአብሔር ይመስገን፤ እሺ፣ ወደ ጉዳይዎ እንግባ» በማለት ሳያስቀይም መንገድ ያስይዛል። ሰዓት ሲያልቅበት እንኳ ዓረፍተ ነገር ሳያስጨርስ ያቋረጠው ሰው አላስታውስም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የማደንቅለት ግን አንድ የጥያቄ ልማዱን ነው። ማንም ደዋይ የሆነ ቦታ የሆነ ነገር ተፈጸመ ባለ ቁጥር፣ «በዓይንዎ ያዩት ነው ወይስ ሲወራ የሰሙት?» ብሎ ይጠይቃል። ደዋዩ «ሰማሁ» ካለ፣ «እንግዲያው እስክናጣራው ድረስ የቦታውንም የሰውንም ስም ባንጠራ ይሻላል» ይልና ወደ ደዋዩ የራሱ ገጠመኝ ይመልሰዋል። ያልተጣራ ወሬ ጎረቤትን ከጎረቤት ሲያጋጭ ባየንበት በዚህ ዘመን፣ ይህ ጥያቄ ከስቱዲዮ አልፎ ሱቄ ደጃፍ ላይ ሲጠየቅ ሰምቻለሁ፤ ሁለት ደንበኞች ስለ አንድ ግጭት ሲከራከሩ አንደኛው ሌላውን «አይተሃል ወይስ ሰምተህ ነው?» ብሎ ሲያፋጥጠው ከየት እንደተማረው ወዲያው ገብቶኛል። አንድ ፕሮግራም በአድማጩ አነጋገር ላይ ይህን ያህል አሻራ ካሳረፈ ትልቅ ሥራ ሠርቷል።

የስልኩ ሰዓት ሲሰምር ምን እንደሚመስል ለማሳየት በአንድ የክረምት ጠዋት የተላለፈውን ውይይት ላንሣ። ከባሶና ወራና የደወሉ አንድ ገበሬ የባቄላ ማሳቸው እየጠፋ መሆኑን ተናገሩ። አቅራቢው ለማዘን አልቸኮለም፤ ምልክቱን አንድ በአንድ አስነገራቸው። በቅጠሉ ላይ ትናንሽ አረንጓዴ እብጠቶች እንደሚወጡ፣ ቆይተው ወደ ቡኒ እንደሚለወጡና ቅጠሉ እንደሚጨማደድ፣ ተክሉም አበባ ሳይዝ እንደሚቀጭጭ ገለጹ። በዚያው ማሳ ላይ ባለፈው ዓመት ምን እንደተዘራ ሲጠይቃቸው «ያው ባቄላ ነው» አሉ። ይህ በአካባቢያችን ቆርምድ እየተባለ የሚጠራው፣ በፈንገስ የሚመጣው በሽታ ነው፤ ቅዝቃዜና እርጥበት ባለበት ደጋ ላይ ስለሚበረታ ከአሥር ዓመት በላይ የሰሜን ሸዋን ባቄላ ሲያጠቃ ቆይቷል። መስመር ላይ የነበሩት የሰብል ጥበቃ ባለሙያ የገበሬውን ቃል ተከትለው፣ ባቄላን በባቄላ ላይ ደጋግሞ አለመዝራት፣ ይልቁንም ከገብስና ከስንዴ ጋር ማፈራረቅ፣ የታመመውን ገለባ ማሳ ላይ አለመተው፣ ምልክቱ እንደታየም ሳይዘገዩ ፀረ ፈንገስ መድኃኒት መርጨት እንደሚገባ አስረዱ። ገበሬው በመሐል ገብተው «መድኃኒቱ በስንት ብር ይገኛል? ማንስ ይሸጠዋል?» ሲሉ ባለሙያው መልሱን ከእጃቸው አላገኙትም፤ አቅራቢው ግን ጥያቄው ተገቢ መሆኑን ተናግሮ ለግብርና ጽሕፈት ቤት እንደሚያቀርበው ቃል ገባ። ገብስና ባቄላ ዋና መተዳደሪያ በሆነበት በአንጎለላ፣ በጣርማበርና በመንዝ ደጋ ላይ የሚኖር አድማጭ ከዚህ ውይይት የሚያገኘው ጥቅም ቀላል አይደለም።

በኢኮኖሚ ጉዳይም ተመሳሳይ ብቃት አይቻለሁ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ማድረጉን ባስታወቀ ሰሞን፣ የተጋበዙት ምሁር የባለሙያ ቋንቋ ሲያበዙ አቅራቢው አስቁሞ «ይህ ነገር ደብረ ብርሃን ላለች እናት በአንድ ሊትር ዘይት ላይ ምን ያመጣባታል?» አላቸው። ምሁሩም ዘይትም ሆነ ማዳበሪያ በዶላር ተገዝቶ ከውጭ ስለሚገባ፣ ብር ሲረክስ ለዚያው ዕቃ የሚከፈለው ብር እንደሚጨምር፣ መንግሥት በድጎማ ካልያዘው በስተቀር ጭማሪው ገዢው ላይ እንደሚያርፍ በግልጽ ቋንቋ አስረዱ። የዚያን ዕለት ሱቄ የነበሩ ሰዎች ኮፒያቸው ካለቀ በኋላም ቆመው ሲያዳምጡ ቆዩ።

ጥያቄዬ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ገበሬው ስለ ቆርምድ መድኃኒት ዋጋና ስለ ሻጩ ላቀረቡት ጥያቄ የተገባላቸው ቃል የት ደረሰ? በማግሥቱም ሆነ በቀጠለው ሳምንት በፕሮግራሙ ላይ መልስ ሲሰጥ አልሰማሁም። ይህ የአንድ ቀን መዘንጋት ቢሆን ኖሮ አላነሳውም ነበር፤ ነገር ግን የፕሮግራሙ ቋሚ ጠባይ ሆኗል። አድማጭ የእጅ ፓምፕ ተበላሽቶ ቀበሌው ውኃ እንዳጣ ይናገራል፤ ኃላፊ ተደውሎለት «በቅርብ ጊዜ ይስተካከላል» ይላል፤ አቅራቢው «እናመሰግናለን» ብሎ ይሰናበታል፤ ጉዳዩም እዚያው ያከትማል። ከወራት በኋላ የዚያው ቀበሌ ሰው በዚያው ፓምፕ ጉዳይ ሲደውል አቅራቢው እንደ አዲስ ነገር ይቀበለዋል፣ ኃላፊውም ያንኑ «በቅርብ ጊዜ» ይደግመዋል። ባለፈው የሰጠኸው ቃል የት ደረሰ ብሎ የሚጠይቀው ከሌለ፣ ኃላፊው ቃል ለመስጠት የሚያስቸግረው ነገር የለም።

በሥራዬ ምክንያት የማመልከቻን ዕጣ ፈንታ በቅርብ አያለሁ። አንድ ባለጉዳይ ያንኑ አቤቱታ ቀኑን እየለወጠ ደጋግሞ ኮፒ ያስደርጋል፤ የቀድሞው ወረቀቱ ጠርዝ እስኪነጫጭ ድረስ በፌስታል ይዞት ይዞራል። እንዲህ ያለ ሰው ሬዲዮ ላይ ሲደውል የሚፈልገው ድምፁ እንዲሰማ ብቻ አይደለም፤ ጉዳዩ ወደፊት እንዲራመድ ነው። ስልኩ ተነሥቶለት፣ ተከብሮ ተናግሮ፣ ከዚያ ምንም ሳይሆን ሲቀር ተስፋው ከቀድሞው የባሰ ይሰበራል። በአየር ላይ የተነገረ አቤቱታ ለጋዜጠኛው የሥራ መጀመሪያ መሆን ሲገባው እዚህ ፕሮግራም ላይ መጨረሻ ሆኗል።

ይህን ማስተካከል ትልቅ በጀት አይጠይቅም ብዬ አስባለሁ። አንድ መዝገብ ይበቃል፦ ማን ከየት እንደደወለ፣ ምን እንዳለ፣ የትኛው መሥሪያ ቤት ምን ቃል እንደገባ፣ በስንት ጊዜ ውስጥ እንደሚፈጸም የሚመዘገብበት። ከዚያም ዓርብ ዕለት ካለው ሁለት ሰዓት ግማሹን ለዚህ መዝገብ ቢሰጡት፣ ቃል የገባው ኃላፊ በስሙና በሥልጣኑ ተጠርቶ፣ የደወለውም አድማጭ በሌላኛው መስመር ቀርቦ «ፓምፑ ተሠርቷል» ወይም «አልተሠራም» ቢባባሉ፣ ለኃላፊው «በቅርብ ጊዜ» የማለት ዋጋው ከፍ ይላል። ዓርብ አሁን በአብዛኛው በሙዚቃና በሳምንቱ መሰናበቻ ወሬ ስለሚያልቅ የሚጎዳ ነገር ያለ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ጉድለት ስልኩ ማንን ያገኛል የሚለው ነው። ዘወትር የሚያዳምጥ ሰው የሚደውሉትን ሰዎች በድምፃቸው ይለያቸዋል፤ ከፊሎቹ በየዕለቱ ማለት ይቻላል ይደውላሉ፣ ርዕሱ ምንም ቢሆን አስተያየት አላቸው። አብዛኞቹ ወንዶችና የከተማ ነዋሪዎች ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት እናቶች ላም የሚያልቡበት፣ ውኃ የሚቀዱበት፣ እንጀራ የሚጋግሩበት፣ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት የሚሸኙበት ሰዓት ነው። መስመሩም ብዙ ጊዜ ተይዟል፤ ደጋግሞ መሞከር ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል፣ መስመር ከገቡ በኋላ መጠበቁም ሒሳብ ያስከፍላል። የገጠሩ አድማጭ በአንድ በኩል ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ መውጣት፣ በሌላ በኩል የስልኩን ባትሪ መቆጠብ አለበት። በዚህ ሁሉ ተጣርቶ የሚያልፈውን ድምፅ አቅራቢው «የሕዝቡ አስተያየት» ብሎ ሲያጠቃልለው ከአቅሙ በላይ ያሸክመዋል። ሚስኮል ተቀብለው መልሰው የሚደውሉበት አንድ ቁጥር ቢመድቡ፣ ምሽት ላይም ስለ ነገው ርዕስ ድምፅ እየቀዱ ቢያሳድሩ፣ ጠዋት ስልክ ማንሣት የማይችለው ሰው ቦታ ያገኛል። ከሁሉ የተሻለው ግን በገበያ ቀን ጋዜጠኛ ወደ እነዋሪ፣ ወደ መሐል ሜዳ፣ ወደ ዓለም ከተማ ልኮ ገበያተኛውን ካለበት ማነጋገር ነው።

ከዚሁ ጋር የሥርጭቱ ነገር ይነሣል። የኤፍ ኤም ሞገድ ቀጥ ብሎ የሚጓዝ በመሆኑ ተራራ ሲጋርደው ያበቃል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች በመሆኗ በሜዳው ላይ ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለውን የጣርማበር ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ ተሳፋሪ ግን ሹፌሩ የከፈተው ሬዲዮ በመሐል መንሾካሾክ ጀምሮ ቁልቁለቱ ላይ ሲጠፋ ይታዘባል። ስለዚህ የሽንኩርትና የማሾ አምራቹ የሸዋ ሮቢት ቆላ፣ ስለ ዞኑ ገበያ በሚደረግ ውይይት ላይ ያለመኖሩ ከፍላጎት ማጣት የመጣ አይደለም። አዘጋጆቹ ይህን የተፈጥሮ ገደብ በራሳቸው ሊሽሩት አይችሉም፤ ሊያደርጉ የሚችሉት የዕለቱን ውይይት በስልክ ሊወርድ በሚችል መጠን አሳጥረው በቴሌግራም ማስቀመጥ ነው።

በቴሌግራም ብቻ መተማመንም እንደማይቻል ያለፉት ዓመታት አሳይተውናል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ በቆየበት ወቅት ሬዲዮ ወደ ቀድሞ ክብሩ ተመልሶ ነበር፤ ወጣቶች ሳይቀሩ የአባታቸውን ሬዲዮ ከጥግ አውጥተው ባትሪ ገዝተውለታል። ያን ጊዜ ሁላችንም ጠዋት ጠዋት ለማወቅ የምንጓጓው ከደብረ ብርሃን በደብረ ሲና፣ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ አልፎ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ክፍት ነው ወይስ ዝግ የሚለውን ነበር። ልጁን ለትምህርት የላከ፣ ሕመምተኛ የያዘ፣ ሽንኩርት የጫነ ሰው ሁሉ በዚህ አንድ መልስ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ፕሮግራሙ በነዚያ ጠዋቶች ስለ ጤና አጠባበቅና ስለ ቁጠባ ባህል ሲወያይ መስማት ከባድ ነበር። ጋዜጠኞቹ የነበሩበትን ጭንቅ አላቃልልም፤ ደዋዩን ከአደጋ ለመጠበቅ ሲሉ የጸጥታ ጉዳይ በቀጥታ ሥርጭት ላይ እንዳይነሣ ማድረጋቸውም አስተዋይነት ነው። ነገር ግን የመንገድ መከፈትና መዘጋት የአስተያየት ጉዳይ አይደለም፤ ከመናኸሪያ አንድ ሰው ጠይቆ በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ይቻል ነበር። አድማጭ በሬዲዮ ላይ ያለው እምነት የሚጸናው እንዲህ ባለ ቀን ነው።

በአገራችን ሬዲዮ በ1928 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ለረጅም ዘመን ንግግሩ ከወዲያ ወደዚህ ብቻ ነበር፤ ሕዝቡ ይሰማል እንጂ አይጠይቅም። ተራው ሰው ከቤቱ ሆኖ ሚኒስትርን በቀጥታ ሥርጭት መጠየቅ የተለመደው ኤፍ ኤም ከተስፋፋ በኋላ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ንዑስ አንቀጽ 5 በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ ወይም በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ያለ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ለማስተናገድ በሚያስችለው ሁኔታ እንዲመራ ይደነግጋል። ይህ ፕሮግራም በዚህ ረገድ የሚነቀፍ አይደለም፤ መሥሪያ ቤትን አጥብቆ የሚተች ደዋይ ሲቋረጥ አልሰማሁም፣ የሚደግፍም የሚቃወምም እኩል ይናገራል። ለዚህም ነው ክትትሉ መጓደሉ የሚቆጨኝ፤ ከባዱን ነገር ማለትም ነጻነቱንና ጨዋነቱን ይዘው ቀላሉን፣ መዝገቡን፣ አጥተዋል።

ማስታወቂያውን በተመለከተ አጭር ቃል ብቻ ልናገር። ጣቢያ ያለ ማስታወቂያ አይቆምም፤ ቢሆንም ደዋይ ንግግሩን ሳይጨርስ የሪል እስቴት ማስታወቂያ መግባት የለበትም። ሰሞኑን ይህ እየበዛ ነው። የድምፅ ጥራቱ ጥሩ ነው፣ የሙዚቃ ምርጫቸውም ለጠዋት ይስማማል።

ፕሮግራሙን ላልሞከረ ሰው ከ2 ሰዓት ጀምሮ ያለውን እንዲያዳምጥ እመክራለሁ፤ በተለይ ርዕሱ ግብርና ወይም ገበያ ሲሆን አቅራቢው ከሌሎች ይልቅ ተዘጋጅቶ ይመጣል። ለአዘጋጆቹ ደግሞ የመዝገቡን ሐሳብ በአንድ ጉዳይ ላይ እንዲሞክሩት እጠይቃለሁ። ማዳበሪያ ለዚህ ይመቻል፤ የጊዜ ገደቡ የሚታወቅ፣ ቃሉን የሰጠው አካልም የሚታወቅ ነው። ሰኔ ላይ «ዩሪያ አልደረሰንም» ብለው የደወሉትን ገበሬዎች ስልክ ቁጥር ይያዙ፤ በሐምሌ አጋማሽ መልሰው ይደውሉላቸው፤ ደርሶ እንደሆነ፣ በምን ዋጋ እንደደረሰ፣ ዘግይቶም ከሆነ ስንት ቀን እንደዘገየ ከራሳቸው አንደበት ያሰሙን፤ ከዚያ በዚያው ጠዋት፣ በሰኔ ቃል የገባውን ኃላፊ መስመር ላይ ያስገቡልን።